ቤተ ሰብ የዘመን ምሳሌ ሆኖ ሲነበብ

በልብ ወለድ ድርሰት ውስጥ አንድ ባላባት አባት ሲታመም «የታመመው ሥርዓቱ ነው»፤ ልጁ ከቤት ሲኰበልል «የኰበለለው አዲሱ ትውልድ ነው» ብሎ መተርጐም በተማሪዎች ዘንድ ከተለመደ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ ተማሪ ብልኅ ይባላል። እኛም ይህ አተረጓጐም ከንቱ ነው ለማለት አልተነሣንም። የተነሣንበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰውን የዘመን ምሳሌ አድርጎ ማንበብ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን፥ ደግሞም ይህ ልማድ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው ማሳ ላይ በዋለ ጊዜ ምን እንዳደረሰ ለመመርመር ነው። ለምርመራችንም ከሰሜን ሸዋ የወጡትን ሁለት ደራስያን፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴንና አቶ ዳኛቸው ወርቁን፥ ዋና መነሻ አድርገናል።

አስቀድመን ስለ ስፍራው ጥቂት እንበል። ለሚ በእንሳሮ ወረዳ ከደጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ በለሚ አልፎ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው መርሐቤቴ ነው። በዚህ አገር አንድ እንግዳ ሰው ገበያ ላይ ቢቆም ስሙን ከመጠየቁ በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። ጋብቻ የታሰበ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቈጥራሉ፤ ርስት የተከራከረ ሰውም በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቈጥሮ ይደርስ ነበር። ሰባት ቤት የቈጠረ ሰው ሳያስበው ዘመን ቈጥሯል። ባላገሩም ያለፈ ነገር ሲያወራ ዓመተ ምሕረቱን ከመጥራት ይልቅ «በአያቴ ጊዜ»፥ «አባቴ ገና ጐረምሳ ሳለ» ማለት ይቀለዋል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ቢሉ መንዝ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት መከፈሉ ማማ፥ ላሎና ጌራ በተባሉ ሦስት አባቶች ስም እንደ ሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል። እንግዲህ አገሩ ራሱ በአባት ስም ተጠርቷል ማለት ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ. ኤ. አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ስለ አባት ሥልጣን ያን ያህል መጻፉ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሄደበት አገር የሚያሳየው ይህንኑ ነበርና።

አንዳንድ ሰዎች ቤተ ሰብን በዘመን መተርጐም ከፈረንጅ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የመጣ ነገር ይመስላቸዋል። ይህ ግን አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ የገላትያ መልእክት በምዕራፍ 4 አጋርንና ሣራን የሁለት ኪዳን ምሳሌ ያደርጋቸዋል፤ አንዲቱ የደብረ ሲና፥ አንዲቱ የላይኛይቱ ኢየሩሳሌም። የአንድምታ መምህራንም ይህን መሠረት አድርገው ባሪያይቱን ለኦሪት፥ ጨዋይቱን ለወንጌል ሰጥተው ያስተማሩ፥ ከአንድ ሰው ቤት ውስጥ ሁለት ዘመን ያወጡ ናቸው። ክብረ ነገሥትም ቢሆን ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ነው። አባት በኢየሩሳሌም፥ እናት በሳባ፥ ልጅ በመካከል፤ የልጁም ከአባቱ ቤት መውጣት የታቦቱ መውጣት፥ የታቦቱም መውጣት የዘመን መዛወር ሆኖ ተነግሯል። ስለዚህ በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ኢትዮጵያዊ አንባቢ «አንድም» ማለትን የሚማርለት ሌላ ሰው አያስፈልገውም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። የአንድምታ መምህር «አንድም» ሲል የፊተኛውን ትርጓሜ ሽሮ አይደለም፤ ሣራ ወንጌል ከሆነች በኋላም ልጅ ያጣች፥ ያረጀች፥ በድንኳንዋ ውስጥ የሳቀች ሴት ሆና ትቀራለች። በዘመናችን የምናየው ሐያሲ ግን ወርቁን ባገኘ ጊዜ ሰሙን ይጥለዋል። አባትየው «ሥርዓት» ከተባለ በኋላ ምን እንደ በላ፥ ማንን እንደ ወደደ፥ ምን እንደ ፈራ አይጠየቅም። ክርክራችን በአብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ. ም. ከለሚ ማዶ በመርሐቤቴ፥ ደን በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። ከዚያ ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል፤ በስደትም ሳሉ በ1931 ዓ. ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ዐርፈዋል። በ1923 ዓ. ም. «የልብ አሳብ፥ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የተባለውን፥ በ1925 ዓ. ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም»ን አሳተሙ። በ«አዲስ ዓለም» ውስጥ ዋናው ሰው ዐወቀ ይባላል፤ የተጉለት ልጅ ነው። ወደ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ከተመለሰም በኋላ ስለ ተዝካር ድግስና ስለ ሠርግ ከዘመዶቹ ጋር ይከራከራል። ስሙን ያየ አንባቢ ደራሲው ምን እንዳሰቡ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይገባዋል፤ ልጁ ያወቀ ነው፥ ቤተ ዘመዱ ደግሞ ያላወቀ።

እኛ እንደምናየው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምሳሌው ሰውየውን ውጦታል። ዐወቀ ልጅ ከመሆን ይልቅ ስብከት ሆኗል፤ ዘመዶቹ ግን ሰዎች ናቸው። የሟች ነፍስ ያለ ተዝካር እንዳትቀር፥ የሰውም አፍ እንዳያርፍባቸው የሚጨነቁ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው በለሚም በተጉለትም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ድግሱ ዓመቱን ሙሉ የቤቱን እህል ሊያሟጥጥ፥ አልፎም ዕዳ ሊያስገባ ይችላል፤ ደራሲው ይህን ማውገዛቸው ትክክል ነበር። ሆኖም ያ ድግስ ድኻው የሚበላበት፥ የተጣላው የሚታረቅበት፥ የራቀው ዘመድ «ለካ አለህ» የሚባልበትም ቀን ነበር። «አዲስ ዓለም» ይህን ሁለተኛውን ወገን ያየው በጨረፍታ ብቻ ነው። የብርሃኔንና የጽዮንን ጋብቻ የሚተርከው መጽሐፍ ከዚህ ይሻላል እንላለን፤ በዚያ ውስጥ የዘመን ክርክር የሚካሄደው በአንድ ጐጆ ውስጥ ባልና ሚስት ሆነው በሚኖሩ ሁለት ሰዎች ላይ ነውና።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ልጆች በተከታታይ ብንመለከት አንድ ነገር ይገለጥልናል። በ1941 ዓ. ም. የወጣው የክቡር ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ልጁን ወደ ፈረንሳይ አገር ይልከዋል፤ ልጁ ተምሮ ተመልሶ በጠላት ወረራ ጊዜ የአርበኝነትን ሥራ ይሠራል። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ይዞ መጣ፤ እርሱ የቅኔ ሰው እንጂ የፈረንጅ ተማሪ አይደለም፥ ግን በዕውቀቱ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ የቤቱን ሚዛን የሚያናጋ ወጣት ነው፤ ይሞታል። በ1962 ዓ. ም. የወጣው «አደፍርስ»ም የዩኒቨርስቲ ተማሪ የሆነውን ልጅ በወጣትነቱ ይቀጨዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው የዳኛቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ልጁ በሕይወት ይኖራል፤ ይኖራል እንጂ አንድ ነገር ለመቍረጥ አይችልም። ዐወቀ ያሸንፋል፥ አርአያ ይዋጋል፥ በዛብህና አደፍርስ ይሞታሉ፥ የመጨረሻው ያመነታል።

የዘመን መንፈስ ብለን የምንጠራው ነገር ካለ የሚታየው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በአባትና በልጅ ልዩነት አይደለም፤ በእነዚህ ልጆች ዕጣ ልዩነት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በጻፉበት ጊዜ የተማሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ የዙፋኑም ጆሮ ለእነርሱ ክፍት ነበር። ደራሲው ራሳቸው ያወቀ ሰው ምክሩ የሚሰማበትን ቀን በዓይናቸው አይተዋል። አቶ ዳኛቸው የጻፉት ግን የታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፥ ተማሪው በየዓመቱ ሰልፍ በሚወጣበት ጊዜ ነው። አባቶቹ በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ያን ያህል አልተለዋወጡም፤ የተለዋወጠው ደራሲዎች ለልጁ ያላቸው ተስፋ ነው።

አቶ ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ተወላጅ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ፥ በኋላም በአሜሪካ በአዮዋ ተምረዋል። «አደፍርስ»ን ያስቀመጡት በተወለዱበት አካባቢ በአርማንያ ነው። አደፍርስ ለዩኒቨርስቲ አገልግሎት ወደ ባላገር የተላከ ተማሪ ነው። ይህ የአገልግሎት ደንብ በ1957 ዓ. ም. የተጀመረ ሲሆን ብዙ የከተማ ልጆችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከባላገሩ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ባለ ርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ አሉ፥ ልጃቸው ጺወኔ አለች፥ አባ ዮሐንስ አሉ፥ ሌሎችም አሉ። ንግግሩ ብዙ ነው፤ የባላገሩ አነጋገር ከነምሳሌውና ከነተረቱ ገብቶበት ለአዲስ አበባ አንባቢ ከባድ ሆኗል ተብሎ ተወቅሷል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን ይህ ወቀሳ ብዙም አይገባውም፤ በየደጁ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አሮጌውን ሥርዓት ይዞ የቆመው አባት አይደለም፥ እናት ናት። «አባት አሮጌው ዘመን፥ ልጅ አዲሱ ዘመን» የሚለው የፈተና መልስ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ደራሲው ይህን ያደረጉት ለአዲስነቱ ብለው አይመስለንም። በርስት አገር ሴት ልጅ ከአባትዋም ከእናትዋም ትወርሳለች፤ ባል ብታገባ፥ ብትፈታም ርስትዋ የራስዋ ነው። በዚህ ምክንያት ችሎት ቆማ የምትሟገት፥ ጭሰኛ የምታዝዝ ወይዘሮ በሸዋ እንግዳ አይደለችም። ወይዘሮ አሰጋሽ ከዚህ እውነት የተቀዱ ናቸው። ከጺወኔ ጋር ያላቸውም ነገር ፊታውራሪ መሸሻ ከሰብለ ወንጌል ጋር ካላቸው የተለየ ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን ስለ ትውልድ ክብር ብለው ዘግተው ያኖሯታል፤ የሚያስቀሩትም ሰው ከሰብለ ይልቅ የራሳቸውን ስም ነው። በእናትና በልጅ መካከል ግን ሥልጣኑ ከፍቅር ጋር ተፈትሎ ስለሚገኝ ልጅቱ በየትኛው ክር ላይ መቀስ እንደምታሳርፍ አታውቅም።

የአደፍርስም ስም ቢሆን እንደ ዐወቀ ስም አንድ ፊት ብቻ የለውም። ከማደፍረስ የወጣ ነው፤ የረጋውን ውኃ የሚያናውጥ ማለት ነው። ውኃ ሲደፈርስ ከታች የተኛው ጭቃ ይታያል፤ ይህ አንድ ጥቅም ነው። ግን በዚያች ሰዓት ውኃው አይጠጣም። ደራሲው የተማረውን ልጅ እንዲህ ብለው ሲሰይሙት ያወደሱትም ይመስላል፥ የነቀፉትም ይመስላል። አደፍርስ ከሰዎች ጋር ሲነጋገር ሰውየውን ትቶ ከዘመኑ ጋር ይነጋገራል፤ አንድ ሽማግሌ ስለ በሬው ሲያነሣ እርሱ ስለ ታሪክ ጕዞ ይመልስለታል እንደ ማለት ነው። ደራሲው ይህን ጕድለት ያዩ ይመስለናል፤ የመጽሐፉም ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ሐያሲው ሰውን ወደ ምሳሌ የሚለውጥበትን ስሕተት ራሱ አደፍርስ በመጽሐፉ ውስጥ ሲሠራው እናየዋለን። በእረፍት ቀን ከኮሌጅ ወደ ቤት ለሚመለስ ተማሪ ከዚህ የቀረበ መስተዋት ገና አልተሠራም።

ሁለተኛው ልብ ወለዳቸው «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»፥ በእኛ አነጋገር አሥራ ሦስተኛዪቱ ፀሐይ፥ በ1973 እ. ኤ. አ. በለንደን በሃይነማን ማተሚያ ቤት ታትሟል። ታሪኩ ቀላል ነው። የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይወጣሉ፤ ወንድ ልጃቸው ጎይቶምና ከሌላ እናት የተወለደችው ልጃቸው ወይኒቱ አብረዋቸው ናቸው። በአንድ ባላገር ጐጆ ያርፋሉ። ፊታውራሪው ይሞታሉ። ዝቋላን ያየ ሰው የተራራውን ራስና በላዩ ያለውን ሐይቅ፥ በጥቅምትና በመጋቢት 5 ቀን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል የሚወጣውን ሕዝብ ያስታውሳል። ደራሲው ጌታውን፥ ተማሪውን፥ ልጅቱንና ገበሬውን በአንድ ጣራ ሥር አሳድረዋቸዋል። ይህን ያየ አንባቢ ሁሉ ፊታውራሪው የባላባት ሥርዓት፥ ጎይቶም የሚያመነታው ምሁር፥ ወይኒቱ ደግሞ አገሪቱ ናት ቢል አይፈረድበትም። መጽሐፉም የወጣው አብዮቱ ከመፈንዳቱ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ሆነ ትንቢት ነው የሚሉም አልታጡም።

ትንቢት የሚለውን እኛ አንቀበለውም። የታመመ ሽማግሌ መሞቱ ትንቢት አያሻውም። እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነው፤ ጎይቶም አባቱን ይጸየፋል፥ ግን አልጋውን ይሸከማል። በእምነቱ አያምንም፥ ግን ወደ ተራራው አብሮ ይወጣል። ይህን «ምሁሩ ያመነታል» ብሎ በሁለት ቃል መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን በየሆስፒታሉ ደጅና በየጠበሉ ዳር የታመመ አባቱን ደግፎ የቆመውን ወጣት ያየ ሰው ይህ ማመንታት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ሰው በአእምሮው የፈረደበትን ሰው በትከሻው ሊሸከም ይችላል። ይህንን የዘመን ምሳሌ ብቻ አድርገን ብናነበው የመጽሐፉ ልብ ያመልጠናል።

ስለ ወይኒቱም እንዲሁ። አገር ተብላ የተጠራች ልጅ ጕዳትዋ ሁሉ የአገር ጕዳት ሆኖ ይቈጠርላታል፤ የራስዋ የሆነ ጕዳት ግን አይቀርላትም። ከጌታው ቤት ከሌላ እናት መወለድ በሸዋ ምን ማለት እንደ ነበረ፥ በማዕድ ላይ የት እንደሚያስቀምጥ፥ ወንድም የተባለው ሰው በየትኛው ስም እንደሚጠራት፥ ይህ ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደራሲውም በዚህ በኩል ከሐያሲዎቹ ብዙ አልራቁም፤ ወይኒቱን ከጎይቶም ባነሰ ቀለም ሥለዋታል። በ«አደፍርስ» እናትንና ልጅን እንዲያ አድርጎ የሠራ እጅ እዚህ ላይ መሳሳቱ ያሳዝናል። ደግሞም መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ፊታውራሪው የሞቱት እርሳቸው ሊያነቡት በማይችሉት ቋንቋ ነው፤ ይህም ራሱ ከመጽሐፉ ምሳሌዎች ሁሉ የበለጠ ምሳሌ ሳይሆን አይቀርም።

በሌላ አገርም እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሞልተዋል። የሩሲያው ቱርጌኔፍ በ1862 እ. ኤ. አ. «አባቶችና ልጆች» ብሎ ስሙን ራሱ ለትውልድ ጠብ ሰጠው። ግን መጽሐፉ የሚያልቀው አዲሱ ዘመን የተባለው ባዛሮቭ ሞቶ፥ ሽማግሌ አባቱና አሮጊት እናቱ ከመቃብሩ ላይ ተደግፈው ሲያለቅሱ ነው። የናይጄሪያው ቺኑዋ አቼቤም በ1958 እ. ኤ. አ. ባወጣው መጽሐፉ ኦኮንክዎን በሁለት ትውልድ መካከል አቁሞታል፤ ዋሽንት የሚወድ ሰነፍ አባት ከኋላው፥ ወደ ሚስዮን የሚሄድ ልጅ ከፊቱ። ኦኮንክዎ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸሸው ነጩን ሰው አይደለም፤ አባቱን መምሰልን ነው። የግብፁ ነጊብ ማሕፉዝም በሦስት ተከታታይ መጻሕፍት አንዱን የካይሮ ቤት በሦስት ትውልድ አልፎ ሲያሳየን የአገሪቱን ፖለቲካ ከእናትየው የቡና ምድጃ ዙርያ አላራቀውም። ሦስቱም የዘመን መጻሕፍት ናቸው፤ ሦስቱም ያልሞቱት ግን ቤቱን ቤት አድርገው ስለ ተዉት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቤተ ሰብን የዘመን ስም አድርጎ መጥራት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ በሕዝብ አፍም ነበረ፥ በመንግሥት አፍም ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ. ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ከሸዋ ተወስደው አገራቸውን በያዙት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አደጉ፥ ልጃቸውን አልጣሽንም አገቡ፥ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ። አሳዳጊ አባት፥ ማራኪ ጠላት፥ አማት፤ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ የትኛው የዘመን ምሳሌ ይባላል? እኒህ ሰው ነግሠው ሲያበቁ ሕዝቡ የጠራቸው አባት ብሎ ሳይሆን «እምዬ» ብሎ ነው። ደርግ ከመጣ በኋላ ደግሞ አገሪቱ ራስዋ እናት ሆነች፤ «እናት አገር ወይም ሞት» ተባለ። ወዲያውም አብዮት ልጆችዋን ትበላለች የሚለው ከፈረንሳይ አብዮት የወረደው አነጋገር በሰው አፍ ገባ። እናት አገር ልጅዋን ጠርታ ታስታጥቃለች፥ እናት አብዮት ልጅዋን ትበላለች፤ በዚህ መካከል የእውነተኛዪቱ እናት ድምፅ እንዳይሰማ ልቅሶ ተከለከለ። የዚያ ዘመን ወጣቶች ዛሬ «ያ ትውልድ» ይባላሉ፤ ክፍሉ ታደሰ መጽሐፋቸውን የሰየሙት በዚሁ ነው። ትውልድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ የቤተ ሰብነቱን ትርጕም ጨርሶ ጥሎ የዘመን ስም ብቻ ሆኗል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ግን የመሬቱ ነገር ነው። በርስት ጊዜ በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ነገር አክብሮትና ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ማሳ ነበር። ልጁ ጐጆ የሚወጣው አባት ከመሬቱ ቈርሶ ሲሰጠው ነው። «አንቱ» ማለቱም፥ ቆሞ ማሳለፉም፥ ቃል አለመመለሱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ባደረገው ጊዜ ይህን ክር በጠሰው። ከዚያ በኋላ ወጣቱ መሬት የሚጠይቀው አባቱን ሳይሆን የገበሬ ማኅበሩን ሆነ። ዛሬ በለሚ አንድ ልጅ አባቱን «አንተ» ብሎ ሲጠራ የሰማ ሽማግሌ የዘመኑን ትምህርት ይወቅሳል፤ ከትምህርቱ ይልቅ አዋጁን ቢወቅስ ወይም ቢያመሰግን ወደ እውነቱ ይቀርብ ነበር።

በ1989 ዓ. ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተሸነሸነ፤ ሰሜን ሸዋም ከተሸነሸነባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው በሦስት ተከፈለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ላይ የነበረው «ቢሮክራሲ» ተባለ፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ሥርዓት ጋር ንክኪ አለው የተባለው «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ፤ የቀረው ጭቍን ገበሬ ሆነ። የፊተኞቹ ሁለቱ የሚይዙት መሬት ከሌላው ባነሰ መጠን እንዲወሰን ተደረገ። ትርፉ ለሌላቸው ተሰጠ፤ ከተቀባዮቹም መካከል በራሳቸው ስም መሬት ያገኙ ሴቶች ነበሩ፤ ይህ ሊካድ የማይገባው በጎ ነገር ነው።

ነገር ግን ክፍፍሉን እንደ አንድ ንባብ አድርገን እንየው። አንድ አባት አንዱን ዘመን እንዲወክል ተፈረደበት። ያ ሰው በ1970ዎቹ ማኅበሩን የመራው ምናልባት ሌላው እንቢ ስላለ፥ ምናልባት ማንበብ ስለሚችል፥ ምናልባትም በሹመቱ ሰው ሊበድልበት ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ንባቡ ግን ሦስቱን አንድ አደረጋቸው። መሬቱንም ያጣው ምሳሌው አልነበረም፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ቤት ነው። ያን ጊዜ ገና ያልተወለደ ልጅ እንኳ ሲያድግ ድርሻው የሚቈረስለት አባቱ በተነበበበት ዘመን ልክ ሆነ። «ይህ ሰው አሮጌው ሥርዓት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ አምስት ነጥብ ያስገኛል፤ በቀበሌ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ማሳ ያስነጥቃል። ሐያሲዎች ይህን ሸንሻኞችን አስተማሩ አንልም። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ንባብ ያነባሉ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ምሳሌ ሆነው የተመረጡት ቤተ ሰቦች የማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያው የፊታውራሪው፥ የወይዘሮዋ፥ የባለ ርስቱ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ስለ ልጃቸው ስለ በዛብህ ብፅዓት ገብተው ያደረጉት ከፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ይልቅ በልጁ ዕድል ላይ የከበደ ነው። እነርሱ ግን ድኾች ስለ ሆኑ የምንም ዘመን ምሳሌ ሲባሉ አንሰማም። «አሥራ ሦስተኛዪቱ ፀሐይ» ውስጥም እንግዶቹን ያሳደረው የዝቋላው ገበሬ ቤት አለ፤ ያም ቤት አባት አለው። ታሪኩ የሚታየው ግን ከእንግዶቹ ወገን ሆኖ ነው። ክቡር ሐዲስ የአበጀ በለውን ዐመፅ በማስገባት ይህን በር ትንሽ ከፍተውታል፤ ሆኖም አበጀን እንደ መሪ እንጂ እንደ አባት አላሳዩንም።

በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል። የገበሬው ልጅ ዛሬ በፈረቃ ገብቶ ይወጣል፤ ደመወዙን በባንክ ይቀበላል፤ ለአባቱም ማዳበሪያ የሚገዛለት እርሱ የሆነበት ቤት አለ። ቀድሞ አባት ለልጅ መሬት ይቈርስ ነበር፤ አሁን ልጅ ለአባት ከደመወዙ ይቈርሳል። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ማን «አንቱ» ሊባል ነው? ከምሳ በኋላስ ማን ተነሥቶ ለማን እጅ ያስታጥባል? የዳኛቸውን ጆሮ የያዘ ደራሲ ቢገኝ የሚጀምረው ከዚህ መታጠቢያ ዕቃ ነው፤ የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ «አዲስ ዘመን» ብሎ የሚጽፍልን ሌላ ሰው አይጠፋም።